ቀሪ

«ጽሕፈትህ ያምራል» ብለው መዝገቡን ሰጡኝ፣
ከሰባተኛ «ለ» በር ላይ ዴስክ ስበው አስቀመጡኝ።
ጂኦግራፊ ነበር የማስተምረው፤
ቆቦን፣ ሮቢትን፣ ጎብዬን፣ መርሳን
በጠመኔ ነጥብ ነው የማውቀው።
ዘንድሮ ነጥቦቹ እግር አውጥተው፣
ውርጌሳን አልፈው፣ ውጫሌን ወጥተው፣
ሐይቅ ከተማ ገቡ ፍራሽ ተሸክመው።

ሰሌዳው ላይ ገና የሰኔ ትምህርት አለ፣
«የዝናብ ዓይነቶች»፣ ከፊሉ የታበሰ፣ ከፊሉ የዋለ።
ከሥሩ ሦስት ቤተሰብ ክፍሉን በሸራ ተካፍሏል፤
አንዱ ሲያስል ያድራል፣
አንዱ ዱዓ ያደርጋል፣
አንዱ ውዳሴ ማርያም ይደግማል፤
ሌሊቱ ግን ለሦስቱም እኩል ይበርዳል።

የመዝገቡ ዓምድ ሦስት ነው፤ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ።
ገቢው ከደሴ የሚመጣ ስንዴ፣ ሲመጣ፣
ወጪው በነፍስ ወከፍ ዐሥራ አምስት ኪሎ የሚወጣ፤
ቀሪውን አሊጋዝ ነው የሚቆጥር፣
ጣቱን በምራቅ እየነካ ያንኑ ጆንያ ሁለቴ የሚደምር።
ክፉ ሰው አይደለም።
ፈርሞ የተረከበው ነገር ሁሉ ያስፈራዋል እንጂ
ሌላ ምንም የለም።

በሦስተኛው ቀን ትርንጎ ይማም ከሰልፉ ደረሰች።
«ስንት ናችሁ?» አልኳት። «አምስት» ብላ መለሰች።
ቆጠርኩ፤ እሷ፣ ሁለት ሴት ልጆች፣ ጀርባዋ ላይ ያንቀላፋው፤
አራት ነው።
«አምስተኛው?»
«አራጋው።
ውርጌሳ ላይ ተለየን፣ በሬ ጠፍቶበት ሲፈልግ፤
‹ቅደሙ› ብሎናል። እግረ ረጅም ነው፣ ይመጣል ነግ።»

ደንቡ ግልጽ ነው፤ በአካል ያልቀረበ አይጻፍም።
እኔም ደንብ አክባሪ ነኝ፣ አርፍጄ እንኳ አላውቅም።
ብዕሬ ግን ቀደመኝ፤ «አምስተኛ፣ አራጋው፣ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ»፤
ፊርማው ቦታ ላይ አውራ ጣቷን ነክራ አተመች እናቱ።

የእሱን ድርሻ አላስፈጨችም።
ሌሊት ማዳበሪያውን ትንተራሳለች፤
ማታ ማታ አስፋልቱ ዳር ወጥታ
የሚመጣውን እግር ሁሉ በዐይኗ ስትለካ ታመሻለች።

በዐሥራ አንደኛው ቀን አንድ የውርጌሳ ሰው መጣ።
ያላትን አልሰማሁም።
ሻሿን ስትፈታ ነው ያየሁት፣
ከዚያ ወዲያ አላየሁም።

ሲነጋ ማዳበሪያውን አዝላ መጥታ ዴስኬ ሥር አስቀመጠችው፤
«መምህር፣ ስሙን አንሣው። ስንዴው ይኸው።
ፍሬ አልጎደለም። የሰው ሐቅ ነው።»

አሊጋዝ ሚዛኑን አየ፣ እኔን አየ።
«መመለሻ ቅጽ የለንም» አለ፤ «ገቢ እንዳልለው ከደሴ አልመጣ፣
ወጪ እንዳልለው ወጥቷል፤ የወጣ እንደገና እንዴት ይወጣ?»
ይህን ብሎ ጆንያ ላይ ተቀመጠ፤
ያን ምራቅ የለመደ ጣቱን ዐይኑ ላይ አኖረ፣
ከዚያ ወዲያ አልተናገረ።

ማስመሪያ ፈለግሁ። መምህር ነኝ፣ ስም የምሰርዘው ቀጥ አድርጌ ነው።
ማስመሪያው ግን ማታ ለልጆች ሽሮ ማገዶ ሆኖ ነደደ፤
በባዶ እጄ ጀመርኩ፤ «አ»ን አለፈና «ራ» ላይ ሲደርስ
መስመሩ ከዳኝ፣ ቁልቁል ወረደ።

ሜዳው ላይ ድንኳን ተተክሎ ክፍሉ ሲለቀቅ
ስም ጠራሁ። ዝም አለ አንድ ወንበር፤
«ቀሪ!» አሉ ልጆቹ ከኋላ፣ የለመዱት ነገር።
ቀሪ ያልመጣ ነው።
በአሊጋዝ መዝገብ ቀሪ የተረፈ ነው።
አራጋውንና እናቱን አንድ ቃል ላይ ማን ጻፋቸው?
ቆሜ ቀረሁ። ከዴስኩ ስንጥቅ ነጭ ነገር ይረግፋል፤
ዱቄት ይሁን ጠመኔ፣ ማን ያውቀዋል።

በብርዱ ወር ሌላ ድርጅት መጣ ብርድ ልብስ ሊያድል።
«ስንት ናችሁ?» አላት አንድ ጎረምሳ፣ ዐይኑን ከታብሌቱ ሳይነቅል።
ትርንጎ አፏን ሳትከፍት እጇን ዘረጋች፤
አምስት ጣት።
አንዱን እስክታጥፍ ድረስ
ሰልፉ በሙሉ ቆሞ ጠበቃት።